የጓያ በር ጽንፈኞች

በ2107 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአገሪቱ ቀንደኛ ጽንፈኛ ማን እንደሆነ ታወቀ። ስሙ ሜ ይባላል። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ ሜ፣ ዕድሜ በሚለው ላይ ሜ፣ ሥራ በሚለውም ላይ ሜ ተብሎ ተመዝግቧል።

«ሰውየው ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም» አሉ ዶክተር መሸሻ፣ መዝገቡን በእርሳስ ጫፍ እየነካኩ። «ስለ ረሃብና ስለ ቁጣ ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድ ነው፦ ‹ብዙ ጊዜ›። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ‹ብዙ ጊዜ›። አንዲት ቀን እንኳ ወለም ዘለም አላለም። እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ልጁን እንደሚድር አባት በርቶ ነበር።

ዶክተር መሸሻ አዳማ ላይ ያለው የሆድና የሰላም ጥናት ማዕከል ኃላፊ ናቸው። ማዕከሉ የተቋቋመው የራበው ሰው በስንተኛው ቀን ድንጋይ እንደሚያነሳ ለማወቅ ነው። ጠያቂ ድሮኖች በየቀበሌው እየበረሩ ሰዉን በየደጁ ያናግራሉ፤ መልሱ ይደመርና ቀበሌው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይወጣለታል። እርዳታም የሚላከው በደረጃው ነው። ሦስትና አራት የሆነ በየቀኑ ምግብ ይወርድለታል። ሁለት የሆነ በዓመት በዓል ብቻ። አንድ የሆነ፣ ማለትም ፍጹም ሰላማዊ የሆነ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ጠርዙ ወርቃማ ነው፣ ለዓይን ያምራል። አምስት የገባ ቀበሌ ግን የምግቡ ነገር አብቅቶለት የማረጋጊያ ክፍል መኪኖች ይመጡና ሕዝቡን ጭነው አጥር ወዳለው ሜዳ ይወስዱታል።

ጓያ በር የምትባለው የወሎ ቆላ ቀበሌ ለስድስት ዓመት ዝናብ ጠፍቶባት፣ ለስድስት ዓመት ደረጃ አንድ ሆና፣ ስድስት የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ከዚያ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘልላ አራት ገባች። ዶክተር መሸሻ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት መስመር መሬት መሬት ሲሄድ ቆይቶ ድንገት እንደ ወፍ ሽቅብ ተነስቷል።

«የተላከችው ድሮን አልተመለሰችም» አሉ። «መልስ ግን ትልካለች፤ የዚህን የሜን መልስ ብቻ። ይዟት መሆን አለበት። ውድነሽ፣ ሄደሽ ሰውየውን አግኝተሽ አናግሪልኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከአሥራ አራት አገር እንግዳ ይመጣል።»

«እኔ? ሰው?» አለች ውድነሽ።

«ሌላ ድሮን ብልክ እሷንም ይይዝብኛላ።»

ውድነሽ አያሌው ማዕከሉ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን የራበው ሰው ፊት ለፊት አይታ አታውቅም፤ ቁጥሩን ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሌላው የምትታወቅበት ነገር መዋሸት አለመቻሏ ነበር። ባልደረቦቿ አዲስ ልብስ የለበሱ ዕለት በእሷ በር በኩል አያልፉም። አለቃዋም የላኳት ለዚህ ነው፤ ውድነሽ ሜን አየሁት ካለች ጉባኤው ሁሉ ያምናል።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሹፌር አልነበረውም፣ አፍ ግን ነበረው። ከቀትር በፊት፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ጭው ያለ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ ደረጃ አራት ነው» አላት። «እኔ ደግሞ ጎማዬ አዲስ ነው። ይውረዱ።»

«ሦስት ኪሎ ሜትር ይቀራል እኮ!»

«ደህንነትዎ ያሳስበናል» ብሎ በሩን ከፈተ፤ እሷ ወርዳ ሻንጣዋን ሳታነሳ አዙሮ በረረ።

ሻንጣዋ ውስጥ መቶ መጠይቅና ለመላሾች የሚታደል ስድስት ካርቶን ብስኩት ነበር። እየጎተተች ስትሄድ ከአንድ የደረቀ የግራር ግንድ ጀርባ ሦስት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ዘለው ወጡ። የተሸፋፈኑበት ጨርቅ የመስኮት መጋረጃ መሆኑን አበባው ይናገራል። መሀል ላይ የቆመው ቁመቱ እንደ ቴሌ ምሰሶ የሆነ ሰው የውሃ ፓምፕ ቱቦ ደግኖባታል።

«ቁሚ! የጓያ በር ቁጡዎች ግንባር ነን!»

«ንቅናቄ» አለ በግራው ያለው።

«ትናንት ግንባር ተብሎ ተወስኗል።»

«እኔ ትናንት ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ማን ጠየቀኝ?»

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሦስተኛው ውድነሽን ትኩር ብሎ አያት። «ምነው በዚህ ፀሐይ ጥላ እንኳ ሳትይዢ?» አላት። «ዘለቀ፣ ቱቦውን አስቀምጥና ሻንጣዋን ተቀበላት እንጂ። ነውር አይደለም?»

ረጅሙ ሰው ዘለቀ ኖሯል። ቱቦውን ብብቱ ስር አድርጎ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አወጣና፣ «ታግተሻል እሺ?» አላት። «መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቀስ እያልሽ ተከተይን።»

የግንባሩ ጠቅላይ ሰፈር የቀበሌው አዳራሽ ነበር። ግድግዳው ላይ ስድስቱ የምስክር ወረቀቶች በተርታ ተሰቅለዋል። ከፊታቸው አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ በቀይ ከፋይ የተሰፋ ካባ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ላይ ጥልፍ፣ ደረታቸው ላይ ጥልፍ፣ ቆባቸው ላይ ጥልፍ። ከጎናቸው ነጠላቸውን አደግድገው የቆሙት ሴትዮ እትዬ ሩቂያ ይባላሉ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ የሚፈጭ እህል ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ግን ወፍጮው ዶሮ ያድርበት ጀምሯል።

«እኔ ኮማንደር ነጎድጓድ ነኝ!» አሉ ሽማግሌው። ነጎድጓዱ መሀሉ ላይ በሳል ተቆረጠ።

«አያ ቢተው፣ ውሃ ጠጣ» አሉ እትዬ ሩቂያ ቀስ ብለው።

ለውድነሽ ወንበር ስበው አስቀመጧት። መጠይቋን አውጥታ እንደ ደንቡ አነበበች። «ባለፉት ሠላሳ ቀናት ምግብ በማጣት ምክንያት የኃይል ድርጊት ለመፈጸም አስበዋል? ሀ፣ በጭራሽ። ለ፣ አልፎ አልፎ። ሐ፣ ብዙ ጊዜ።»

ኮማንደሩ ጢማቸውን ዳበሱ። «ብዙ ነጥብ ያለው የትኛው ነው?»

«እሱን መንገር አልችልም።»

«ሐ በላት» አሉ እትዬ ሩቂያ።

«ሐ!»

«ምን ዓይነት የኃይል ድርጊት?»

አያ ቢተው ወደ ጣሪያው፣ ከዚያ ወደ ዘለቀ አዩ። «አንድ… ትልቅ ነገር እናፈነዳለን» አሉ በመጨረሻ። «ማንም በሌለበት። ከአዝመራ በኋላ። ሰውም እንዳይደነግጥ ቀድመን እናስነግራለን።»

ውድነሽ ጻፈች። እጇ እየጻፈ ጆሮዋ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሆዶች አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው እየተቀበለው፣ ከሩቅ እንደሚሰማ መኪና ይንጎራጎራሉ። በማዕከሉ ይህን ድምፅ የሚወክል አንድ ሰማያዊ ዓምድ ነበር። ዓምዱ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር።

«አሁን አቶ ሜን ባገኛቸው» አለች።

«ማንን?»

«አቶ ሜን። በአገሪቱ የመጀመሪያው ጽንፈኛ የዚህ ቀበሌ ሰው ናቸው። ምግቡ የሚመጣላችሁ በእሳቸው መልስ ነው። መዝገቡ ላይ የእርስዎ ስም የለም፤ ያለው የእሳቸው ብቻ ነው።»

መዋሸት የማይችል ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ዝም ማለት ያለበትንም ቦታ አያውቅም። የአያ ቢተው ፊት ከካባው በላይ ቀላ። «ከእኔ በላይ የተቆጣ ሰው?» አሉ። «እዚህ? በዚህ ቀበሌ?» ዓይናቸው በአንድ ጊዜ ዘለቀ ላይ አረፈ። «አንተ ነህ?»

«ኧረ አያ ቢተው! በእናቴ!»

«እንግዲያው ተገንጥላችኋል። በጀርባዬ ሌላ ግንባር አቋቁማችኋል!» ካባቸውን ሰብስበው በጓሮ በር ወጡ።

እትዬ ሩቂያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ይመለሳል። ምሳ ደርሷል፣ ነይ ልጄ» አሏት። «የታገተ ሰው ጾሙን አይውልም።»

ምሳው ጡብ ነበር። ከሰማይ የሚወርደውን ምግብ ሕዝቡ ጡብ ይለዋል፤ መልኩም ቅርጹም፣ ለጥርስም ስሜቱ ያው ነው። ለዘጠኝ ሰው አንድ ጡብ ተቆረሰ። ለታጋቿ ትልቁን፣ ሌላው ለሌላው እያቀበለ መጨረሻ ላይ እትዬ ሩቂያ እጅ የደረሰው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። እሳቸውም «እኔ ጠዋት ነው የጠገብኩት» ብለው ለዘለቀ ሰጡት። ውድነሽ ቁራሿን አፏ ውስጥ ይዛ መዋጥ አቃታት። ስድስቱን የብስኩት ካርቶን ከሻንጣዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ይኼ ለመላሾች ነው» አለች። «የሁላችሁም ሆድ መልሷል።»

ብስኩቱ ሲታደል እትዬ ሩቂያ ትንሽ ሲያይዋት ቆዩና እጇን ይዘው ወደ ውጭ አወጧት።

«አንቺ ክፉ ሰው አትመስይኝም» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ። ጽንፈኛ የለንም። ስድስት ዓመት በሰላም ተራብን፤ ስድስት ጊዜ ወረቀት ላኩልን። ከሁለት ወር በፊት አንድ መንገደኛ ‹ምግብ የሚሰጠው ለሚያስፈራ ነው› ብሎን አለፈ። ተሰበሰብንና እናስፈራ ተባለ። ማን ይምራ ሲባል፣ ቢተው የሠርግ ልብስ ሰፊ ነው፣ ካባ አለው፣ እሱ ይሁን ተባለ።»

«ድሮኗ ስትመጣስ?»

«ወደቅን!» አሉ እትዬ ሩቂያ። «ሰው ትጎዳላችሁ ወይ ብላ ስትጠይቀን ያጠናነውን ረስተን ሁላችንም ‹ኧረ ምን በወጣን› አልን። ለምዶብን። እሷ ደግሞ አትጠግብም። በምግብ ሰዓት ትመጣና ምን በላችሁ ትላለች። የጎረቤቴ ልጅ ምጥ ይዟት ስታምጥ ገብታ፣ ‹ከአንድ እስከ አምስት ቢመዝኑት› አለቻት። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። በወንፊት ደፍቼ ያዝኳትና ጉረኖ ውስጥ ዘጋሁባት። በሳምንቱ ደግሞ ምግቡ መምጣት ጀመረ! ሁሉም ‹ቢተው አስፈራልን› አለ።»

ውድነሽ ቆመች። «ጉረኖው ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ፍየሌ ናት ያለችው።»

ጉረኖው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበር። ሲጠጉ ከውስጥ የጠራ፣ ትሑት የሆነ ድምፅ ተሰማ።

«ባለፉት ሠላሳ ቀናት በቂ ምግብ ባለማግኘትዎ ምክንያት ቁጣ ተሰምቶዎት ያውቃል?»

«ሜ!»

«ተመዝግቧል። ይህ ቁጣ ወደ ኃይል ድርጊት ሊመራዎት ይችላል ብለው ያስባሉ?»

«ሜእእእ!»

«ብዙ ጊዜ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን፣ አቶ ሜ።»

ውድነሽ አጥሩን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ጠያቂ ድሮኖች የመላሹ ቃል ካልገባቸው በድምፁ ይለካሉ፤ ጮክ ካለ ‹ብዙ ጊዜ›፣ ዝቅ ካለ ‹በጭራሽ›። ይህን ደንብ ከሰባት ዓመት በፊት የጻፈችው ራሷ ነበረች፤ የተራበ ሰው ይጮኻል ብላ። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቋ አምልጧት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትስቅ ድንገት ታያት፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው በአንዲት ፍየል ጩኸት ይበላል። ሳቋ ቆመ።

«እትዬ ሩቂያ፣ ሜ ይቺ ናት።»

«ሴት ናት እኮ» አሉ እትዬ ሩቂያ፣ ሌላው ሁሉ ያልገረማቸው ይመስል።

ወዲያው ዘለቀ እያለከለከ መጣ። «አያ ቢተው ማማ ላይ ወጥተዋል! ወንጭፍ ይዘዋል! ‹ሜ የሚባለውን ዛሬ አሳየዋለሁ፣ መጋቢዋን መትቼ እጥላታለሁ› ይላሉ!»

መጋቢዋ ጡቡን የምታወርደው ትልቋ ድሮን ናት። ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደርሳለች፤ አሁን ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ውድነሽ ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፦ መጋቢ የተመታባት ቀበሌ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ደረጃ አምስት ትገባለች። የማረጋጊያ ክፍል መኪኖች ከደሴ ሁለት ሰዓት አይፈጅባቸውም።

«ይስታት የለ?» አለች።

«አያ ቢተው?» አለ ዘለቀ። «በልጅነታቸው ማሽላ ሲጠብቁ የወፍ ዓይን መርጠው ነበር የሚመቱት አሉ!»

ውድነሽ በሩን በረገደችው። ፍየሏን በአንገቷ ገመድ ይዛ መሮጥ ጀመረች። ፍየሏ መሮጥ አልፈለገችም። ዘለቀ ብድግ አድርጎ አንገቱ ላይ ተሸከማት። እትዬ ሩቂያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ፣ ነጻ የወጣችው ጠያቂም ከሁሉም በላይ እየበረረች፣ «አቶ ሜ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይቀረናል፣ አቶ ሜ!» ትላለች።

ማማው ዘር ካየ ስድስት ዓመት ባለፈው ማሳ መሀል ቆሟል። አያ ቢተው ጫፉ ላይ ናቸው። ቀዩ ካባ በነፋስ ይውለበለባል፤ ወንጭፉ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አለ። በምሥራቅ በኩል መጋቢዋ እንደ ጥቁር ነጥብ ታየች።

«ጋሼ ቢተው!» ጮኸች ውድነሽ። «አይወርውሩ! ሜን ይዤልዎት መጥቻለሁ!»

«የታል? ይምጣ! ዓይኔን ይየኝ!»

«ይኸውልዎ!»

አያ ቢተው ወደ ታች አዩ። «እኔ የማየው የሩቂያን ፍየል ነው።»

«እሷ ናት!»

ፍየሏ ከዘለቀ ትከሻ ላይ ሆና፣ «ሜ» አለች። ጠያቂዋም «ተመዝግቧል» አለች።

መጋቢዋ እየቀረበች ነው፤ ሆዷ ላይ ያሉት ቀይ ጽሑፎች መነበብ ጀምረዋል። ወንጭፉ አሁንም በእጃቸው ነው።

«ስድስት ዓመት» አሉ ሽማግሌው፣ ለማንም ሳይሆን። «ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ሠርግ የሚባል የለም። ማን ራቡን ይዞ ይዳራል? መርፌዬ ዛገ። ቤቴ ማንም መግባት ተወ። ኮማንደር ስባል ጊዜ ግን ሰው ብድግ ይልልኝ ጀመር። ‹ቢተው አበላን› አሉኝ። እኔም አመንኩ። ለካስ…» ፍየሏን አዩ። «ለካስ እሷ ናት።»

ይህን ጊዜ ጠያቂዋ አዲስ ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት ሽቅብ በረረችና አፍንጫቸው ስር ቆመች።

«እንደምን ዋሉ፣ መላሽ ቁጥር ሁለት። ባለፉት ሠላሳ ቀናት የኃይል ድርጊት ለመፈጸም አስበዋል?»

ሽማግሌው ከጮኹ ውድነሽ የሚሆነውን ታውቃለች፣ ድንጋዩን ከለቀቁም ታውቃለች። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ልብስ ሲለኩ ለሙሽራ እንደሚያወሩት።

«ዛሬ ብቻ ነው ያሰብኩት፣ ልጄ» አሏት ለድሮኗ። «እሱም ከኀፍረት ነው። ራብማ ሰውን አስተኝቶ ነው የሚገድለው፤ ለመማታት ጉልበት መቼ ይተውለታል? እኔ የሠርግ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«በጭራሽ» አለች ጠያቂዋ። «ተመዝግቧል።»

ድንጋዩን ከወንጭፉ አውጥተው ማማው ላይ አስቀመጡት። መጋቢዋም በራሳቸው ላይ አልፋ ጡቧን አራገፈች።

ውድነሽ እዚያው ማሳው ላይ፣ ትልም መሀል ተቀምጣ ለአለቃዋ ደወለች።

«ሜን አገኘሽው?» አሉ ዶክተር መሸሻ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«አገኘኋት። ፍየል ናት።»

«የምስጢር ስም ነው?»

«አይደለም ዶክተር። ቀንድ ያላት፣ አራት እግር ያላት ፍየል።»

የእርሳስ መንኳኳት ተሰማ። «ይርባታል?»

«በጣም።»

«ትቆጣለች?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ጥናቱ ትክክል ነው» አሉ ዶክተር መሸሻ፣ እፎይ ብለው።

«ዶክተር፣ የቀረውንም ይስሙኝ። ሰዎቹ ስድስት ዓመት ሲራቡ ማንንም በክፉ አላዩም። መጋረጃ የተሸፋፈኑት ምግብ ለሚያስፈራ ብቻ እንደሚሰጥ ሲሰሙ ነው። ዛሬ አንድ ሽማግሌ እውነተኛ ድንጋይ አንስተው ነበር፤ ያነሱትም ከሁሉ በላይ የሚፈራ ሰው ለመሆን ነው። ራብንና ጽንፈኝነትን የሚያገናኘውን ነገር አሥራ አንድ ዓመት ፈልገን አጥተነዋል። አገኘሁት። እኛ ነን። ሪፖርቴ ላይ የምጽፈው ይህንን ነው፤ ፍየሏንም እጽፋለሁ።»

«ተይ እንጂ፣ ውድነሽ!» ድምፃቸው ተለወጠ። «አሥራ አራት አገር ነው የሚመጣው። ስምንት ቀን ነው የቀረኝ። ምን ብዬ… ፍየል የሚለውን በየትኛው የቅጽ ሳጥን ውስጥ ልሙላው? እሺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ውድነሽ በሕይወቷ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ቀና ብላ አየች። እትዬ ሩቂያ ጡቡን በየቤቱ ይከፋፍላሉ። አያ ቢተው ካባቸውን አውልቀው ፍየሏ ላይ ጣል አድርገውላታል፤ እሷም ከጫፉ ጀምራ እየበላችው ነው።

«ደረጃ አንድ ያሉት ስንት ቀበሌዎች ናቸው?» አለች።

«አርባ ሦስት።»

«ወደ እነሱ ጠያቂ ድሮን መላኩ ይቅር። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። የምጠይቀውን ጥያቄ እኔው እመርጣለሁ፤ ምግቡም የሚላከው በዚያ መልስ ይሁን። የጓያ በርም ደረጃ ባለበት ይቆይ። ይህን ከፈረሙልኝ ስለ ፍየሏ እስክጠየቅ ድረስ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን እናገራለሁ። ያውቁኛል።»

«ማን ይጠይቅሻል?» አሉ ዶክተር መሸሻ፣ ወረቀት ሲያገላብጡ እየተሰማ። «ማን ይህን ለመጠየቅ ያስባል?»

እውነትም ማንም አልጠየቀም። ጉባኤው በተያዘለት ቀን ተካሄደ። ሽቅብ የሚነሳው መስመር በትልቅ ስክሪን ታየ፣ አቶ ሜ ለደህንነታቸው ሲባል ፎቶግራፋቸው እንደማይወጣ ተገለጸ፣ አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ተነስተው የሰውየው ጽናት እንዳስደነቃቸው ተናገሩ። ውድነሽ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ሁለት እጇን ጭኗ መሀል አጣብቃ ተቀምጣለች። አልዋሸችም። ግን ከጭብጨባው እኩል ደረቷን የሚያንኳኳት ነገር ነበር፤ ዝም ማለትን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስላልተማረችው ይሁን፣ ወይም ገና አሁን ስለተማረችው፣ መለየት አቃታት። አንድ ሰው እጁን ቢያወጣና ቢጠይቃት ደስ ይላት ነበር። ሰዓቱ ደረሰና ሁሉም ወደ ምሳ ወጣ።

የጓያ በርን ደረጃ ለማስተካከል ሦስት ኃላፊዎች መፈረም ነበረባቸው፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ‹ፍየል› ብሎ የሚጽፍ አልተገኘም። ምግቡ ቀጠለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጣለ፣ ማሳው ተዘራ። ጥር ላይ ዘለቀ አገባ፤ ልብሱን የሰፉለት አያ ቢተው ናቸው። ሱሪው አጠረበት ይባላል፣ ጥፋቱ ግን የእግሩ ነው።

ውድነሽ ከጉባኤው በኋላ ባለው ሰኞ ጫማዋን አጥብቃ ወጣች። ከአርባ ሦስቱ ቀበሌዎች የመጀመሪያው በኮረብታ ጀርባ ያለ፣ ነፋስ የበዛበት ሰፈር ነበር። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ቁና ደፍተው ተቀምጠዋል። የሰውን ጥላ ሲያዩ ፊታቸውን አስተካከሉና እጃቸውን አጣጠፉ፤ ስንት ጊዜ እንደተጠየቁ ያስታውቃል።

«ከጥናቱ ነው የመጣሽው?»

«አዎ እማማ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ምሳ በልተዋል?»

አሮጊቷ ቀጣዩን ጠበቁ። ቀጣይ የለም። ወረቀቱን አዩ፤ ወረቀቱ ላይም ሌላ ጽሑፍ የለም። ጥቂት አሰቡና ወደ ውድነሽ ጠጋ አሉ።

«ልቆጣ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወይስ እንዲሁ ልመልስ?»

«እንዲሁ ይመልሱ።»

«አልበላሁም» አሉ።

ውድነሽ ጻፈችው።